የማይገጥም፣ የማይጣጣም፣ የማይታረቅ፦ እንግሊዝኛ ጠብን ለይቶ የሚጠራባቸው ቃላት

ክቡራትና ክቡራን፣

ሦስት ጉዳዮችን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። ሁለት ምስክሮች ስለ አንድ ሌሊት የሰጡት ቃል አልገጠመም። ሁለት መድኃኒቶች በአንድ መርፌ ሲቀላቀሉ ተበላሹ። ባልና ሚስት ለዓመታት ሞክረው አብረው መኖር አቃታቸው። በአማርኛ ሦስቱንም «አልተጣጣሙም» ብንል የሚሰማን ሰው ከዐውዱ ተነሥቶ ይረዳናል። ጠንቃቃ የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ግን ለምስክሮቹ ቃል «ኢንኮንሲስተንት»፣ ለመድኃኒቶቹ «ኢንኮምፓቲብል»፣ በባልና ሚስቱ መካከል ላለው ልዩነት ደግሞ «ኢሪኮንሳይለብል» ይላል፤ ቢያቀያይራቸው አንባቢው ስሕተት መኖሩን ወዲያው ያውቃል።

ዛሬ የምናገረው ስለነዚህና ስለ መሰሎቻቸው ነው። መዝገበ ቃላት ስንገልጥ አንዱ በሌላው ሲፈታ እናያለን፤ «ግጭት» ወደ «ተቃርኖ»፣ «ተቃርኖ» ወደ «አለመጣጣም»፣ «አለመጣጣም» ተመልሶ ወደ «ግጭት» ይመራናል። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቻችን ልዩነታቸው የክብደት ብቻ ነው ብለን እናምናለን፤ አንዱ ለዘብ ያለ፣ ሌላው ጠንከር ያለ ይመስለናል። እኔ በዚህ አልስማማም። እያንዳንዱ ቃል ጠቡ የት እንደሚገኝ ይናገራል፤ በተነገረ ነገር ውስጥ ነው ወይስ በነገሮች ጠባይ፣ መለኪያ በመጥፋቱ ነው ወይስ በሰዎች ፈቃድ። ከዚያም አልፎ ለጠቡ ምን ዓይነት መላ እንደቀረ ያመለክታል። ስለዚህ ሕግ፣ ውል፣ የሕክምና መመሪያ ወይም የድርድር ሰነድ የሚተረጉም ሰው ቃሉን ሲስት፣ የሚስተው መላውን ጭምር ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከንግግር ልጀምር። «ኮንትራዲክሽን» የሚለው ቃል የላቲን ሥሩ «በአንጻሩ መናገር» ማለት ነው፤ ቤቱም እስከ ዛሬ ንግግር ነው። ድንጋይ ድንጋይን ይመታል እንጂ አይቃረነውም፤ የሚቃረኑት ስለ ድንጋዩ የተነገሩ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። አርስቶትል አንድ ነገር በአንድ ጊዜና በአንድ ረገድ ሊሆንም ላይሆንም አይችልም የሚለውን መርሕ ከሁሉ የጸና መርሕ አድርጎ ሲያቀርብ፣ ከእርሱ ጋር አንድ ሌላ ልዩነት ትቶልናል፤ እንግሊዝኛም «ኮንትራዲክተሪ» እና «ኮንትራሪ» በሚሉ ሁለት ቃላት ይዞት ቆይቷል። ይህ ልዩነት በዕለት ተዕለት ክርክር ከፍተኛ ዋጋ ስላለው ጥቂት ልቆይበት።

አንድ ሰው «በመዝገቡ ያሉት ፊርማዎች ሁሉ እውነተኛ ናቸው» ቢልና ሌላው «በመዝገቡ ካሉት ፊርማዎች አንድም እውነተኛ የለም» ቢል፣ ሁለቱም በአንድነት እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ነገር ግን ሁለቱም በአንድነት ሐሰት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግማሾቹ ፊርማዎች እውነተኛ ግማሾቹ የተጭበረበሩ ቢሆኑ ሁለቱም ተሳስተዋል። እንዲህ ያሉትን እንግሊዝኛ «ኮንትራሪ» ይላቸዋል። ሦስተኛ ሰው መጥቶ «ቢያንስ አንዱ ፊርማ እውነተኛ አይደለም» ቢል ግን፣ የእርሱና የመጀመሪያው ሰው አባባል «ኮንትራዲክተሪ» ናቸው፤ አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው የግድ ሐሰት ነው፣ አንዱ ሐሰት ከሆነም ሌላው የግድ እውነት ነው፤ መሐል ቦታ የለም። በአማርኛ ሁለቱንም «ተቃራኒ» ስለምንላቸው መሐል ቦታ መኖር አለመኖሩ ከቃሉ አይታወቅም። ከእንግሊዝኛ የመጣ የክርክር ጽሑፍ ስንተረጉም የመጀመሪያውን «ሁለቱም ሐሰት ሊሆኑ የሚችሉ ተቃራኒዎች»፣ ሁለተኛውን «አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚጸናባቸው ተጻራሪዎች» እስከማለት ብንደርስ ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ሐሳቡ ግን ይድናል።

በአደባባይ ክርክር ከሚሠሩ ጥፋቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ኮንትራሪ የሆነውን ነገር ኮንትራዲክተሪ አድርጎ ከማቅረብ ነው። «ከእኛ ጋር ካልሆንክ ከጠላት ጋር ነህ» የሚል ሰው የሚሠራው ይህንኑ ነው። የአንዱን ወገን ስሕተት ያሳየና ወዲያው የሌላው ወገን እውነተኛነት እንደተረጋገጠ የሚቈጥር ጸሐፊም እንዲሁ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ሰፊ አገር እያለ፣ ቃሉ አገሩን ደመሰሰው። በዚህ ምክንያት ለወጣት ተርጓሚዎችና ለጋዜጠኞች ከማንም የፍልስፍና ትምህርት በፊት ይህ ልዩነት ቢነገራቸው እወዳለሁ።

«ኮንትራዲክሽን» ከንግግር ቤቱ ወጥቶ በነገሮች ውስጥ የሰፈረበት ዘመንም አለ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል ተቃርኖን በራሱ በነገሩ ውስጥ ያለ የእንቅስቃሴ ምንጭ አድርጎ አየው፤ ማርክስና ተከታዮቹ ደግሞ በካፒታልና በጉልበት መካከል ስላለው ትግል ተጠቀሙበት። ማኦ በ1937 ስለ ተቃርኖ ጻፈ፤ በ1957 ባደረገው ንግግርም በሕዝቡና በጠላት መካከል ያለውን ቅራኔ በሕዝቡ መካከል ካለው ለየ። የእኛ «ቅራኔ» በፖለቲካ ጽሑፎቻችን ውስጥ የያዘው ቀለም ከዚህ መስመር የመጣ ነው። ስለዚህ አንድ የሥነ አመክንዮ መጽሐፍ «ኮንትራዲክሽን» ሲል «ቅራኔ» ብለን ብንተረጉም፣ አንባቢው ስለ መደብ ትግል እንጂ ስለ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አያስብም። ለሥነ አመክንዮው «ተቃርኖ» ወይም «መጣረስ» ይሻለዋል።

«ኢንኮንሲስተንት» ከዚህ የሰፋ ነው፤ ሥሩም «አብሮ መቆም» ከሚለው ይነሣል። ሁለት አባባሎች ሲቃረኑ በእርግጥ አብረው አይቆሙም፤ ነገር ግን አብሮ አለመቆም ሁለት ብቻ መሆንን አይጠይቅም። አንድ ድርጅት ሦስት ነገር ቃል ገባ እንበል፦ ከሠራተኛ ማንንም አንቀንስም፣ የሁሉንም ደመወዝ እንጨምራለን፣ ጠቅላላ የደመወዝ ወጪያችን ከዓምናው አይበልጥም። የሠራተኛው ቁጥር እንዳለ ከቆየ የመጀመሪያውና ሁለተኛው አብረው ይሄዳሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛውም ሰው በመቀነስ ይቻላሉ። የመጀመሪያውና ሦስተኛውም እንዲሁ ደመወዙን ባለበት በመተው ይቻላሉ። ሦስቱ በአንድነት ግን አይቻሉም። እንግዲህ ማንኛውንም ጥንድ ብትመረምሩ ተቃርኖ አታገኙም፤ ጥፋቱ ያለው በስብስቡ ነው። ሥነ አመክንዮ ከሦስቱ አንዱ መውደቅ እንዳለበት ይነግረናል እንጂ የትኛው እንደሚወድቅ አይነግረንም፤ ያንን የሚወስነው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ የኦዲት ሪፖርት መግለጫዎቹ ኢንኮንሲስተንት ናቸው ሲል ማንንም ገና በሐሰት አልከሰሰም። «እርስ በርሳቸው ይዋሻሉ» ብሎ የተረጐመ ሰው ክሱን ከራሱ ጨመረ።

በዚሁ ቃል ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ስለ አባባሎች ሲነገር «አብሮ የማይቆም» የሚለው ቃል ስለ ሰው ጠባይ ወይም ስለ አሠራር ሲነገር «ወጥነት የጎደለው» ማለት ይሆናል። ዛሬ አንድ ዓይነት ነገ ሌላ ዓይነት ውሳኔ የሚሰጥ ዳኛ ኢንኮንሲስተንት ነው፤ ከማንም ጋር ግን አልተጋጨም። እንግሊዝኛ ለሁለቱ አንድ ቃል ሲበቃው አማርኛ ሁለት ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ የእኛ ቋንቋ የበለጠ ይለያል።

«ዲስክሬፓንሲ» ለዘብተኛው ነው፤ ሁለት ቁጥሮች ወይም ሁለት ዘገባዎች ሳይገጥሙ ሲቀሩ፣ ምክንያቱ ገና ሳይታወቅ የሚሰጥ ስም ነው። የሒሳብ ሠራተኞች የባንኩን መግለጫና የራሳቸውን መዝገብ ሲያስተያዩ የሚያገኙት ይህን ነው፤ ሥራቸውንም «ሂሳብ ማስታረቅ» ይሉታል። ይህን አባባል አስታውሱልኝ፤ ወደ «ማስታረቅ» እመለሳለሁ።

ከግሪክ የመጡትን ቤተሰብ ፈጠን ብዬ ልለፍ፤ ብዙ ስለተጻፈባቸው ነው። «ኦክሲሞሮን» የአነጋገር ጌጥ ነው፤ ተቃራኒ የሚመስሉ ሁለት ቃላትን ሆን ብሎ ማጣመር። «ዳይለማ» በጥብቅ ትርጉሙ ሁለት መንገድ ብቻ ያለበትና ሁለቱም የሚጎዱበት ሁኔታ ነው፤ አስቸጋሪ ጉዳይ ሁሉ ዳይለማ አይደለም። «አንቲኖሚ» ፈላስፋው ካንት በ1781 ታዋቂ ያደረገው ነው፤ ዓለም በጊዜ መጀመሪያ አለው የሚለውና የለውም የሚለው ሁለቱም አሳማኝ በሚመስል ማስረጃ ሊደገፉ መቻላቸውን ለማሳየት ተጠቀመበት። «ፓራዶክስ» ግን ትንሽ ማብራሪያ ይሻል፤ ምክንያቱም በዚህ ስም የሚጠሩት ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንድ ክፍል 23 ሰዎች ቢሰበሰቡ ከመካከላቸው የሁለቱ ልደት፣ ዓመቱ ቢለያይም፣ በአንድ ቀን የመዋሉ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ይህ ፓራዶክስ ይባላል፤ ሆኖም ፍጹም እውነት ነው፤ የተጋጨው ከግምታችን ጋር ብቻ ነው። ፈላስፋው በርትራንድ ረስል በ1901 ያገኘው ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ራሳቸውን በአባልነት የማይዙ ስብስቦች ሁሉ የሚገኙበት ስብስብ ራሱን ይይዛል ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ «አዎ» የሚለው መልስ ወደ «አይደለም»፣ «አይደለም» የሚለውም ወደ «አዎ» ወሰደው። በ1902 ይህንኑ ለሒሳብ ሊቁ ለጎትሎብ ፍሬገ በደብዳቤ ሲገልጽለት፣ ፍሬገ ሒሳብን በሥነ አመክንዮ ላይ ለመመሥረት የጻፈው ሥራ ሁለተኛ ቅጽ በኅትመት ላይ ነበር፤ የሥርዓቱ መሠረትም ተናጋ። አንዱ ፓራዶክስ ግምታችንን እንድናርም፣ ሌላው መሠረቱን እንደገና እንድንጥል ያስገድዳል። «እንቆቅልሽ» የሚለው የተለመደ ትርጉማችን ለመጀመሪያው ይበቃል፤ ለሁለተኛው አይበቃም።

አሁን ከንግግር ወደ ነገሮችና ወደ ሰዎች ልሻገር። «ኮንፍሊክት» ሥሩ «እርስ በርስ መማታት» ነውና በመልኩ ከእኛ «ግጭት» ጋር ይመሳሰላል። የቃሉ አጠቃቀም ግን ከመማታት ርቋል። በአንድ ኩባንያ ድርሻ ያለው ሰው ያንኑ ኩባንያ በሚመለከት ጉዳይ ዳኛ ሆኖ ቢሰየም፣ እንግሊዝኛ ይህን «ኮንፍሊክት ኦቭ ኢንተረስት» ይለዋል፤ እኛም «የጥቅም ግጭት» ብለን ወስደነዋል። እዚህ ማንም ማንንም አልመታም፣ ዳኛውም ገና ያደረገው ጥፋት የለም፤ ምናልባት ፍጹም ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ግጭቱ ያለው በቆመበት ቦታ ነው፤ ሁለት ታማኝነት በአንድ ወንበር ተቀምጠዋል። ይህን ባለመረዳት «የጥቅም ግጭት አለብህ» ሲባል እንደ ስድብ የሚሰማው፣ «እኔ ሌባ ነኝ ወይ?» ብሎ የሚቆጣ ባለሥልጣን ብዙ ነው። ቁጣው ከትርጉሙ የተወለደ ነው ብዬ አምናለሁ። አማርኛው «ግጭት» ድርጊትን ስለሚያስታውስ ሰው ድርጊቱን ይክዳል፤ የእንግሊዝኛው ቃል ግን የሚናገረው ስለ አቋቋሙ ስለሆነ የሚጠይቀው መላ ማመን ወይም መካድ ሳይሆን ማሳወቅና ከወንበሩ መነሣት ነው።

አሜሪካዊው ዳኛ ጆሴፍ ስቶሪ በ1834 ባሳተመው ሰፊ ሥራ በእንግሊዝኛ ያጸናው «ኮንፍሊክት ኦቭ ሎውስ» የሚለው አባባልም እንዲሁ ነው። የሁለት አገር ሕጎች እርስ በርስ አይዋጉም፤ እያንዳንዱ በአገሩ ጸንቶ ይኖራል። ጥያቄው ሁለት አገርን የነካ አንድ ጉዳይ በየትኛው ይዳኝ የሚል ብቻ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቃሉ እስከ ጦርነት ድረስ ይሄዳል። የ1949 የጄኔቫ ስምምነቶች በታወጀ ጦርነት ብቻ ሳይወሰኑ «በሌላ ማንኛውም የትጥቅ ግጭት» ጭምር እንዲሠሩ የተደረጉት፣ መንግሥታት ጦርነት አላወጅንም እያሉ ከግዴታ እንዳያመልጡ ነው። እዚህ «ግጭት» የሚለው ቃል መመረጡ የጦርነቱን መጠን ለማሳነስ አልነበረም፤ ጥበቃውን ለማስፋት ነበር። ዛሬ በዜና ላይ ጦርነቱን ለማለዘብ ሲባል «ግጭት» የሚሉ ሰዎች ቃሉን ከተፈጠረበት ዓላማ በተቃራኒ እየተጠቀሙበት ነው።

«ኢንኮምፓቲብል» ላይ ስንደርስ ጠብ የሚለውን ሐሳብ ራሱን መተው ሊኖርብን ነው። ካርል ላንድስታይነር በ1901 የደም ቡድኖችን ሲለይ ያሳየን፣ ሁለት ጤነኛ ደሞች በየባለቤቶቻቸው ሥር እንከን የሌላቸው ሆነው ሳለ ሲገናኙ ሊገድሉ እንደሚችሉ ነው። የቡድን ኤ ቀይ ሴል የቡድን ኦ ደም ላለው ሰው ቢሰጥ፣ በተቀባዩ ደም ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ሴሎቹን ያፈርሳቸዋል። የኦ ቀይ ሴል ለኤ ሲሰጥ ግን በዚህ ረገድ ችግር የለም። እንግዲህ ሁለት ነገር እናስተውል። ከሁለቱ ደሞች አንዱም መጥፎ አይደለም፤ ጥፋት ያለበት ወገን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። አለመጣጣሙም አቅጣጫ አለው፤ ወደዚህ ሲሆን ይጎዳል፣ ወደዚያ ሲሆን አይጎዳም። ተቃርኖ ግን አቅጣጫ የለውም፤ ይህ ያን ከተቃረነ ያም ይህን ተቃርኗል። ይህን ቃል «ተቃራኒ» ብሎ የሚተረጉም የሕክምና ጽሑፍ ሁለቱንም ነጥብ ያጠፋል።

ፊዚክስም ቃሉን በራሱ መንገድ ወስዶታል። ሃይዘንበርግ በ1927 የአንድን ቅንጣት ቦታና ሞመንተም (የመጠነ ቁሱና የፍጥነቱ ብዜት) በአንድነት ያለ ገደብ በትክክል መወሰን እንደማይቻል ካሳየ ወዲህ፣ እንዲህ ያሉ ጥንድ መጠኖች ኢንኮምፓቲብል ይባላሉ። አንዱ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም፤ ሁለቱም የቅንጣቱ መገለጫዎች ናቸው፤ በአንድ ጊዜ በሙሉ ጥራት አለመገኘታቸው ነው ነገሩ። ኒልስ ቦር በዚያው ዓመት ብርሃንና ቁስ አንድ ጊዜ እንደ ማዕበል አንድ ጊዜ እንደ ቅንጣት መታየታቸውን ሲያብራራ፣ ሁለቱ ሥዕሎች አንዱ ሌላውን የሚሞላ ናቸው አለ። በ1947 ለተሰጠው የክብር ኒሻን አርማ ሲያዘጋጅም «ተቃራኒዎች ይሟላሉ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል አስጻፈበት።

የቃላቱ ልዩነት ከሁሉ የከፋ ውጤት የሚያስከትለው በሕግ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1803 ከሕገ መንግሥቱ ጋር «ሪፐግናንት» የሆነ ሕግ ዋጋ የለውም ብሎ በየነ። የብሪታንያ ፓርላማም በ1865 ባወጣው አዋጅ በቅኝ ግዛቶች የወጣ ሕግ ለግዛቱ ከተደነገገ የፓርላማ ሕግ ጋር ሪፐግናንት ከሆነ በዚያው መጠን ውድቅ እንዲሆን ወሰነ። ይህ ቃል ሥሩ «መልሶ መዋጋት» ነው፤ በዛሬ ተራ እንግሊዝኛ ግን «አስጸያፊ» ማለት ሆኗል። የሕግ ሰነድ ይዞ ዘመናዊ መዝገበ ቃላት ብቻ የገለጠ ተርጓሚ «ከሕገ መንግሥቱ አንጻር አስጸያፊ የሆነ ሕግ» ብሎ ሊጽፍ ነው። ትክክለኛው «የሚጻረር» ነው፤ ውጤቱም መውደቅ ነው።

የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 109 ደግሞ «ኢንኮንሲስተንት»ን መረጠ፤ የክፍለ ግዛት ሕግ ከፌዴራሉ ጋር አብሮ ካልቆመ ፌዴራሉ ይበልጣል፣ የክፍለ ግዛቱ ሕግም አብሮ ባልቆመበት መጠን ብቻ ዋጋ ያጣል፤ የቀረው ይኖራል። አሁን ከእነዚህ አጠገብ የብሪታንያን የ1998 የሰብዓዊ መብቶች ሕግ አስቀምጡ። በዚህ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤቶች መጀመሪያ የሚጠበቅባቸው እስከተቻለ ድረስ የፓርላማውን ሕግ ከመብቶቹ ጋር በሚጣጣም መንገድ ማንበብ ነው። ይህ ሳይቻል ሲቀር ከፍተኛዎቹ ፍርድ ቤቶች ሕጉ «ኢንኮምፓቲብል» ነው ብለው ያውጃሉ። ታዲያ ሕጉ ይወድቃል? አይወድቅም። አዋጁ የሕጉን ጸንቶ መኖር አይነካም፤ ፓርላማው ራሱ እንዲያስብበት ጉዳዩን ይመልስለታል። እንግዲህ የአሜሪካው ፍርድ ቤት ሪፐግናንት ሲል ሕጉን ጣለ፣ ኢንኮንሲስተንት ያለው ከሕጉ ቆረጠ፣ ኢንኮምፓቲብል ያለው ሕጉን እንዳለ ትቶ ለባለቤቱ ነገረ። ሦስቱንም «የሚቃረን» ብሎ የሚተረጉም ሰው ለአማርኛ አንባቢ አንድ ውጤት ያቀርብለታል፤ አንባቢውም ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረ ብሎ ያወራል። ይህ የአገላለጽ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው መብቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚያውቅበት ወይም የማያውቅበት ጉዳይ ነው።

«ኢንኮሜንሹረብል» ከቤተሰቡ ሁሉ ይበልጥ በደል የሚደርስበት ቃል ነው። ከጥንት ግሪኮች ሒሳብ የመጣ ነው። የአንድ ካሬ ጎንና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የተዘረጋው መሥመር፣ የቱንም ያህል ትንሽ መስፈሪያ ብትፈልጉ፣ ሁለቱንም በሙሉ ቁጥር የሚሰፍር የጋራ መስፈሪያ የላቸውም። መሥመሮቹ ግን አልተጣሉም፤ በአንድ ካሬ ላይ አብረው ይኖራሉ፣ የትኛው እንደሚረዝምም በዓይን ይታያል። የሳይንስ ፈላስፎቹ ቶማስ ኩንና ፖል ፋየራበንድ በ1962 ይህንኑ ቃል ስለ ሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳቦች ሲያውሉት ብዙ አንባቢ «ሊነጻጸሩ የማይችሉ» ማለታቸው መሰለው፤ ኩን ግን የጋራ መለኪያ ማጣት ማነጻጸርን እንደማይከለክል ደጋግሞ አስረዳ። ፈላስፋው ኢሳያስ በርሊንም ስለ ሰው ልጅ እሴቶች ብዛት ሲያስተምር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራል፦ ፍትሕና ምሕረት በአንድ ፍርድ ላይ ሙሉ በሙሉ አብረው ላይገኙ ይችላሉ፤ ይህ አለመጣጣም ነው። ምን ያህል ምሕረት ለምን ያህል ፍትሕ እንደሚለወጥ የሚመዝን ሚዛንም የለም፤ ይህ መለኪያ ማጣት ነው። አንዱ ባለበት ሌላው የግድ አይኖርም። «የጋራ መስፈሪያ የሌላቸው» የሚለው አማርኛ ለዚህ ቃል በሚገባ ይበቃል፤ ለምን እንደማንጠቀምበት አይገባኝም።

በመጨረሻ ወደ «ኢሪኮንሳይለብል» እመጣለሁ፤ «የማይታረቅ»። ከቀደሙት ሁሉ የሚለየው ሰውንና ጊዜን በውስጡ መያዙ ነው። ለመቃረን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይበቃሉ፤ ላለመጣጣም የሁለት ነገሮች ጠባይ ይበቃል። ላለመታረቅ ግን አንድ ሰው ለማስታረቅ መሞከር ወይም ቢያንስ መሞከርን ማሰብ አለበት። ቃሉ በሙከራው ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነው።

የካሊፎርኒያ ግዛት በ1969 አጽድቆ ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ቃል ወደ ፍቺ ሕግ ሲያስገባ ትልቅ ለውጥ አመጣ። ከዚያ በፊት መፋታት የሚፈልግ ሰው የትዳር ጓደኛውን ጥፋት፣ ዝሙት ወይም ጭካኔ፣ ማስረዳት ነበረበት። አዲሱ ሕግ በጥፋቱ ፈንታ «የማይታረቁ ልዩነቶች» የሚለውን ተካ፤ ፍርድ ቤቱ ማን አጠፋ ብሎ መጠየቁን ትቶ፣ ትዳሩ እንዳይቀጥል የሚያደርግ በቂ ምክንያት አለ ወይ ብሎ እንዲጠይቅ ሆነ። ቃሉ የከበደ ቢመስልም በሥራው ምሕረት ነበረው፤ ሁለት ሰዎች እንዲለያዩ አንዱ በአደባባይ መዋረድ አላስፈለገውም።

በፖለቲካ ደግሞ ቃሉ የሰዎች ስም ሆኖ ያውቃል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን ጋር የተፈረመው የቬርሳይ የሰላም ውል በ1919 ለአሜሪካ ሴኔት ሲቀርብ ተቃዋሚዎቹ ሁለት ወገን ነበሩ። በሴናተር ሄንሪ ካቦት ሎጅ የሚመሩት 14 የተዓቅቦ ሐሳቦች፣ ማለትም ግዴታውን የሚገድቡ ቅድመ ሁኔታዎች፣ አያይዘው ውሉን ለመቀበል ዝግጁ ነበሩ። እንደ ሴናተር ዊሊያም ቦራ ያሉት ግን በምንም ዓይነት ማሻሻያ አንቀበልም አሉ፤ በታሪክም «ኢሪኮንሳይለብልስ»፣ የማይታረቁት፣ ተብለው ቀሩ። ሴኔቱ ውሉን በ1919 ኅዳር፣ ዳግመኛም በ1920 መጋቢት ሳያጸድቀው ቀረ። እዚህ ልብ በሉ፤ የማይታረቁ የተባሉት አቋሞቹ አይደሉም፣ ሰዎቹ ናቸው፤ ከውሉ ጋር ያላቸው ልዩነት ሊጠብብ የሚችል ሆኖ ሳለ እነርሱ አናጠብበውም ስላሉ ነው ስሙን ያገኙት።

ከዚህ ተነሥቼ የምጠይቀው ነገር አለ። በድርድር ዘገባና በፖለቲካ ጽሑፍ ላይ «የማይታረቅ» የሚለው ቃል ድርድሩ ሳይጀመር ይጻፋል። የሁለት ወገኖች ጥያቄ ዛሬ በቀረበበት መልክ አይጣጣምም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ነገ መልኩ ሊቀየር ይችላል። አይታረቅም ማለት ግን ሙከራው አልቋል ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ምንጭ ጥያቄዎቹ ኢንኮምፓቲብል ናቸው እያለ እኛ «የማይታረቁ» ብለን ስንተረጉም፣ ተደራዳሪዎቹ ያልዘጉትን በር እኛ እንዘጋዋለን። ይህን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ የሚዘጋው በር የሰው ሕይወት ያለበት በር ሊሆን ይችላልና።

አንድ ትንሽ ነገር ጨምሬ ወደ መደምደሚያዬ ልሂድ። እነዚህ ቃላት ብዙ ጊዜ ከፊታቸው «አፓረንት» የሚል ገላጭ ይመጣል፤ እርሱም ሁለት ፊት አለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ተቃርኖ መኖሩ አፓረንት ነው ሲል ግልጽ ነው ማለቱ ነው። አፓረንት ተቃርኖ ሲል ግን ብዙውን ጊዜ ተቃርኖ መሳይ ነው፣ ሲመረመር የሚጠፋ ነው ማለቱ ነው። ቃሉ ከግሡ ጋር ነው የቆመው ወይስ ከስሙ ፊት የሚለውን ማየት አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ራሳችንን ይመለከታል፤ ትርጉሞች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ምን ይደረጋል? የ1969 የቪየና የውሎች ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 33 ለዚህ መንገድ አበጅቷል። አንድ ውል እኩል ሥልጣን ባላቸው በሁለት ወይም በብዙ ቋንቋዎች ሲጻፍ፣ ቃላቱ በሁሉም ጽሑፎች አንድ ትርጉም እንዳላቸው አስቀድሞ ይገመታል። ጽሑፎቹ ሲነጻጸሩ ልዩነት ቢገኝ፣ ውሉ አንዱ ጽሑፍ እንዲበልጥ ካልወሰነ በስተቀር፣ በተለመደው የአተረጓጎም ሥርዓት ለማጥራት ይሞከራል። ያም ካልበቃ፣ ከውሉ ዓላማ አንጻር ጽሑፎቹን ከሁሉ በተሻለ የሚያስታርቀው ትርጉም ይወሰዳል። እንግሊዝኛው ጽሑፍ እዚህ የሚጠቀመው ግሥ የሒሳብ ሠራተኞቹና የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች የተጠቀሙበት ያው «ሪኮንሳይል» ነው፤ ከአንቀጹ አሠራር እንደምታዩት ጽሑፎቹ አይታረቁም የሚለው ፍርድ በየትኛውም ደረጃ ላይ አልተጻፈም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።